የወዳደቀ ኮምፕሬሰር ማንሳት፦ ጎንደር ላይ በትንሽ ብር የቱ መንገድ ያዋጣል?

የአክስቴ ልጅ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ሊከፍት ነው። ቤቱን ተከራይቷል። ክሪክ አለው፣ የጎማ መፍቻ ብረቶችም ገዝቷል። የቀረው ኮምፕሬሰር ነበር። አንድ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ አገኘሁ! ከቁራሌዎች ነው የገዛሁት። ዲናሞው ይዞራል!» አለኝ። ድምፁ ደስታ በደስታ ነበር።

ሄጄ አየሁት። መቶ ሊትር ታንከር፣ ባለ ሁለት ፒስተን የብረት ፓምፕ፣ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ዲናሞ። ሶኬቱን ሰካው፤ እውነትም ዞረ። «ሰሙት አይደል?» አለኝ። ቶሎ አስጠፋሁትና ተንበርክኬ ከታንከሩ ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ በቁልፍ ፈታሁ። መጀመሪያ ትንሽ አየር ፉጭ አለ። ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ውሃ ወረደ፣ አንድ ሊትር ይሆናል። ውሃው ሲያልቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ቡናማ ቅርፊት መርገፍ ጀመረ። እፍኝ ሙሉ ያዝኩለትና «ይሄ የታንከርህ ግድግዳ ነው፤ ከውስጥ እየተላጠ ነው» አልኩት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሱ ብጤ ነው። ብሩ ትንሽ፣ ሥራው አጣዳፊ፣ ያገኘው ዕቃ ደግሞ ሌላ ሰው የጣለው ለሆነ። ሰው ሁሉ የወዳደቀ ኮምፕሬሰር ሲገዛ መጀመሪያ ዲናሞው መዞር አለመዞሩን ያያል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የተቃጠለ ዲናሞ ይጠቀለላል። ያረጀ ፓምፕ በፋሻ (ፒስተኑን በሚከበው የብረት ቀለበት) እና በቫልቭ ይነሳል። ከውስጥ የተበላ ታንከርን ግን የሚያድነው የለም። ስለዚህ ብር ሲያንስ መጀመሪያ ታንከሩ ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ግፊት ሲበዛ አየሩን የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ ላይ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ዋጋ አልጽፍም። ሰኞ የሰማኸው ዋጋ ለቅዳሜ ገበያ አይደርስም። የማወዳድረው የቱ ከየቱ እንደሚረክስ፣ የቱ ከየቱ ዕድሜ እንደሚሰጥ ነው።

ታንከሩ፦ አምስት ምርጫ፣ አንዱ በጭራሽ

የታመቀ አየር ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ብዙ ሰው አይገምትም። መቶ ሊትር ታንከር 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ፣ አንድ ቶን ዕቃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚፈጥረውን ያህል ጉልበት በውስጡ ይዟል። ያ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ከወጣ ብረቱ ተቀዶ ይበራል። ጎሚስታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከታንከሩ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚውለው።

የመጀመሪያው ምርጫ ዕቃው ይዞት የመጣውን ታንከር መጠቀም ነው። ነፃ ነው፣ ቀዳዳዎቹም ተሠርተውለታል። ነገር ግን ሳይፈተን አየር እንዳይገባበት። ፈተናው የሚሠራው በውሃ ነው። ታንከሩን አፍ እስከ አፍ ውሃ ትሞላዋለህ፤ አየር ቅንጣት እንዳይቀር ከላይ ያለውን ቀዳዳ ወደ ላይ አድርገህ። ከዚያ ጌጅ (የግፊት ማሳያ) ታስርና በግራሶ ፓምፕ ትገፋዋለህ። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንከሩ ቢቀደድ እንኳ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፤ የሚበር ነገር የለም። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የሥራ ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ትወስደዋለህ። 8 ባር የሚል ከሆነ 12 ባር ማለት ነው። እዚያ ላይ አቁመህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። ጌጁ ከወረደ፣ ብረቱ ካበጠ ወይም ካላበው አለቀ።

የልጁን ታንከር እንዲህ ፈተንነው። 5 ባር፣ ደህና። 7 ባር፣ ደህና። 9 ባር ላይ እግሩ ከተበየደበት አጠገብ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ጠረግናት። ተመልሳ መጣች። ከዚያ ከአጠገቧ ሌላ፣ ከዚያም ሦስተኛ። ልጁ ዝም ብሎ ያያል። ታንከሩ ከሆዱ ያለቅስ ነበር ማለት ይቻላል። ውሃ ሁልጊዜ የሚተኛው ታች ስለሆነ፣ ዝገቱም የሚበላው ታች፣ ማንም የማያየው ቦታ ነው። ውጭውን ቀለም ቀብተው ሲሸጡልህ ደግሞ እንኳን አንተ፣ ሜካኒኩም አያይም።

ሁለተኛው፣ ያፈሰሰውን በብየዳ መድፈን ነው። ይህን አልመክርም፤ ከሚመክርህም ራቅ። አንድ ቦታ ከበሳ ዙሪያው ሁሉ ሳስቷል። የብየዳው ሙቀት የሳሳውን ጎረቤት ይብስ ያደክመዋል። ዛሬ ይይዛል፣ ከሦስት ወር በኋላ ከጎኑ ይከፈታል። በርሜል፣ ቀጭን የማቀዝቀዣ ጋዝ ሲሊንደር፣ የፕላስቲክ ቧንቧ ወደ ታንከርነት መቀየርም እዚሁ ይመደባል። አንዱም ለዚህ ግፊትና ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም።

ሦስተኛው የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ለከፍተኛ ግፊት ነው የተሠራው። ችግሩ ሌላ ነው። ማፍሰሻ ቀዳዳ ከታች የለውም፣ ስለዚህ መብሳት ወይም መበየድ ያስፈልጋል። ባዶ የመሰለ ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ጋዝ ደግሞ የመበየጃ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል። ውሃ ሞልቶ፣ አየር አስወጥቶ የሚሠራ የታወቀ ባለሙያ ከሌለህ ተወው።

አራተኛውን ነው የምወደው፦ የከባድ መኪና የፍሬን አየር ታንከር። ከተፈቱ መኪናዎች ይገኛል። ሲሠራ ጀምሮ ለአየር ግፊት ነው የተሠራው። ማፍሰሻው ከታች ተዘጋጅቷል፣ የብሎን ጥርሶቹም ወጥተውለታል፣ ምንም ብየዳ አይጠይቅም። አንዱ ትንሽ ነው፣ 20 ወይም 40 ሊትር። ሁለቱን በቧንቧ ማገናኘት ነው። እነሱም ያረጁ ናቸውና በውሃ መፈተን አይቀርላቸውም። ለልጁ ሁለት ባለ 40 ሊትር አገኘን። ሁለቱም 12 ባር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሙ፤ ጌጁ ንቅንቅ አላለም።

አምስተኛው አዲስ ታንከር መግዛት ነው። ጥሩ ነው፣ ብቻውን ሲገኝ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከነሙሉ ማሽኑ ስለሆነ የሚመጣው፣ ዋጋው ወደ አዲስ ኮምፕሬሰር ይጠጋል።

ሴፍቲ ቫልቭ ላይ ክርክር የለም። አዲስ ይገዛል። ከጠቅላላው ወጪ ትንሿ እሱ ናት። አውቶማቲኩ (ታንከሩ ሲሞላ ዲናሞውን የሚያጠፋው ማብሪያ) ከሚያጠፋበት ግፊት በአንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ብሎ የሚከፈተውን ምረጥ። የሚያፈስ ሴፍቲ ቫልቭ ነቅለው ቦታውን በብሎን የደፈኑበት ኮምፕሬሰር በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያውም ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጃፍ። ባለቤቱን ለመንኩት፣ አስለወጥኩት። እንዲህ ያለ ካያችሁ እናንተም ለምኑ።

የጎንደር አየር የሳሳ ነው

ይህን ነገር ሻጭ አይነግርህም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ያንሳል። ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ «በ4 ደቂቃ ይሞላል» የሚለው ማሽን እዚህ 5 ደቂቃ ያልፋል። ማሽኑ ስላልተበላሸ አትፍታው።

ዋናው ግን ሙቀቱ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 8 ባር ለመሙላት ፓምፑ አየሩን 9 እጥፍ ያህል ያምቃል። ጎንደር ላይ እዚያው 8 ባር ለመድረስ 11 እጥፍ ማመቅ አለበት። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይግላል፣ ዘይቱ ቫልቭ ላይ ይከስላል፣ ፋሻው ይበላል። መፍትሔው በጣም ቀላል ነው፤ አውቶማቲኩን 6 ባር ላይ እንዲያጠፋ ማስተካከል። እዚህ 6 ባር ለፓምፑ የሚከብደው ባሕር ዳርቻ 8 ባር የሚከብደውን ያህል ነው። ባጃጅና የቤት መኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃዋል፣ ሚኒባስም ትንሽ ቢበልጥ ነው። 6 ባር ከበቂ በላይ ነው። ሥራህ የከባድ መኪና ጎማ ከሆነ ግን 7 ባርና ከዚያ በላይ ትፈልጋለህ። ያን ጊዜ አየሩን ሁለት ጊዜ የሚያምቅ፣ አንዱ ሲሊንደር ትልቅ ሌላው ትንሽ የሆነ ፓምፕ ፈልግ። ነጠላውን አስገድደህ አትግደለው።

ፓምፑ፦ የቱ ይነሳል?

ኦሪጅናሉን ከማዳን ጀምር። ዲናሞውንና ፓምፑን የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን አውጣ። የመውጫ ቧንቧውን ፍታና ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ዝጋ። የፓምፑን ጎማ (ቺንጋው የሚያርፍበትን ትልቅ የብረት ጎማ) በእጅህ አዙር። ጣትህን ገፍቶ ፉት ማለት አለበት። አየሩ በማጣሪያው በኩል ወደ ኋላ ከተነፈሰ የመግቢያው ቅጠል ቫልቭ ነው። በዘይት ቤቱ መተንፈሻ ከወጣ ፋሻ ነው። ከታንከሩ ውሃ ጋር ዘይት ከወረደም ፋሻውን ጠርጥር።

ቅጠል ቫልቭ ማለት ከብረት ምላስ የማይበልጥ ነገር ነው። ቴስታታውን ስትፈታው ጥቁር ከሰል ጋግሮበት ታገኘዋለህ። በናፍጣ ዘፍዝፈህ ታጸዳዋለህ። መቀመጫውን መስታወት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ ትፈትገዋለህ። የሚታይ ስንጥቅ ካለው ግን ይለወጥ። በቴስታታው ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያፈስ የሚያሽገውን) ከጓርኒሲዮን ካርቶን ራስህ ቆርጠህ መሥራት ትችላለህ፤ ያው ውፍረት ይሁን እንጂ። ፋሻ ስትፈልግ ደግሞ ፓምፑን ይዘህ ወደ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ መለዋወጫ ቤቶች ሂድ። የሲሊንደሩ ስፋትና የፋሻው ውፍረት ከገጠመ ስሙ ምንም ይሁን ይሠራል። ሲሊንደሩ ከተቧጠጠ ቶርኖ ቤት ሳትጠይቅ አዲስ ፋሻ አትግዛ፤ በአንድ ወር ይበላዋል።

ዘይት ላይ አትቆጥብ። የኮምፕሬሰር ዘይት፣ ውፍረቱ 100 የሚል። የመኪና ዘይት ስትጨምርበት የሚከስለው ቫልቭህ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ሰዎች ይሞክራሉ። አንደኛው የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ነው። ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ በየጥገና ቤቱ ሞልቷል። ግን በጣም ትንሽ አየር ነው የሚሰጠው። 20 ሊትር ታንከር 6 ባር ለማድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሳያርፍ ከሠራ ይግላል፣ ዘይቱንም ወደ ታንከሩ ይተፋል። ግፊት እያለበት ደግሞ አይነሳም። ለሞባይል ጠጋኝ፣ አቧራ ለማራገፍ፣ ለትንንሽ ቀለም ሥራ ግሩም ነው። ለጎሚስታ አይሆንም። ከፍሪጁ ስታወጣው ጋዙን ባለሙያ ይሰብስበው፤ በተለይ የአዳዲሶቹ ፍሪጆች ጋዝ በእሳት ይያዛል።

ሁለተኛው የከባድ መኪና የፍሬን ኮምፕሬሰር ነው። ጉልበቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን መኪናው ላይ ሳለ ዘይቱን የሚያገኘው ከሞተሩ በግፊት ነው። ብዙውም በሞተሩ ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። አውጥተህ ባዶውን በዲናሞ ስታዞረው ዘይትም ውሃም የለውም። ሥሩ የዘይት ሳህን ሠርተህ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ አዙረህ ካላኖርከው ኩሽኔታውን ይበላል። እጅህ ለብረት ሥራ የሰላ ከሆነ ይሞከራል። አለዚያ ርካሽ መስሎ ኋላ የሚያስወጣ ነው።

ዲናሞ ወይስ ቤንዚን?

መብራት ባለበት ዲናሞ ያሸንፋል። አሮጌ ዲናሞ ስታይ በእጅህ አዙረው፣ አሽትተው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አይጠፋህም። ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ ጥቂት ነው። ማስጠቅለል ካስፈለገው የመዳቡን ዋጋ ከሌላ ያገለገለ ዲናሞ ጋር አወዳድር።

በጣም ረክሶ የምታገኘው የሦስት ፌዝ ዲናሞ ነው። ቤትህ አንድ ፌዝ ከሆነ አትጓጓ። በካፓሲተር ይዞራል ይሉሃል፣ ይዞራልም። ግን ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፣ ሲነሳማ ጭራሽ ደካማ ነው። ኮምፕሬሰር ደግሞ ከሁሉ በላይ ጉልበት የሚፈልገው ሲነሳ ነው። ሰሌዳው 220/380 የሚል ከሆነ አንድ ፌዝን ወደ ሦስት በሚቀይር ኢንቨርተር መሥራት ይችላል፤ ኢንቨርተሩ ግን በጀትህን ይበላል።

ዲናሞን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ሌላ ዕቃ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲጠፋ «ጭስስ» ማለት አለበት። ያ ድምፅ በቧንቧው የቀረው አየር ሲለቀቅ ነው። ካላለ፣ ወይም ጭስታው ካላቆመ፣ አየር እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ ወይም የአውቶማቲኩ መልቀቂያ ተበላሽቷል። ዲናሞው ግፊት ተሸክሞ ሊነሳ ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ ይቃጠላል። ማታ ማታ መብራት ሲደክም ይብሳል። ሌላም ልመክርህ፦ ማሽኑ ሩቅ ከሆነ የኤሌክትሪክ ገመዱን አታስረዝም፣ የአየር ቱቦውን አስረዝም።

ፍጥነቱንም ቀንስለት። የልጁ ዲናሞ በደቂቃ 1,420 ይዞራል። ፑሌጃው (ቺንጋውን የሚያዞረው ትንሹ ጎማ) 14 ሳንቲ ሜትር፣ የፓምፑ ጎማ 20 ነበር። ፓምፑ ወደ 1,000 ይሄዳል። ያረጀን ፓምፕ እንዲህ ማስሮጥ ግፍ ነው። የዲናሞውን ፑሌጃ በ10 ሳንቲ ሜትር ለወጥነው፣ ወደ 710 ወረደ። አየሩ ቀነሰ፣ ግን ሙቀቱም ጩኸቱም ቀነሰ። የፓምፑ ጎማ ነፋሱን ወደ ሲሊንደሩ እንዲልክ አዟዟሩንም ማየት አትርሳ።

መብራት ለሚጠፋበት ወይም እየዞርክ ለምትሠራ የቤንዚን ሞተር አለ። ደምቢያ ላይ ገበሬዎች ለመስኖ የተጠቀሙበት የውሃ ፓምፕ ሞተር ያገለገለ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣልና ከሚያስፈልግህ ከፍ ያለውን ያዝ። ታንከሩ ሲሞላ ሞተሩ ስለማይጠፋ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ይጨመርበታል። ቤት ውስጥ እንዳታስነሳው፤ ጭሱ ይገድላል። የነዳጁን ሰልፍም ሒሳብ ውስጥ አስገባ።

ወይስ አዲስ?

ትንሹ አዲስ ኮምፕሬሰር፣ ባለ 24 ወይም 50 ሊትሩ፣ ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ነው። ታንከሩ አዲስ፣ ቫልቮቹ አዲስ። ፓምፑ ግን በቀጥታ ዲናሞው ላይ ስለተገጠመ በደቂቃ 2,800 ገደማ ይዞራል። ይጮኻል፣ ቶሎ ይግላል፣ እረፍት ይፈልጋል። በቀን አሥር ባጃጅ ለምትነፋ ይበቃሃል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ግን ዝግ ብሎ የሚዞረው አሮጌ ብረት ፓምፕ ይሻላል። መኪና ቀለም ለሚረጭም ያው ነው፤ የተለመደው መርጫ በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ አየር ይፈልጋል።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ያገኘኸው ዕቃ ታንከሩ በውሃ ፈተና ካለፈና ፓምፑ ጣትህን ከገፋ፣ ሳታመነታ አድነው። ታንከሩ ወድቆ ፓምፑ ደህና ከሆነ የፍሬን ታንከር ፈልግለት። ፓምፑም ታንከሩም ከወደቁ ዲናሞውን ያዝና ሌላውን ለብረት ሸጠህ አዲሱን ትንሽ ግዛ። ሦስቱም ተበላሽቶ «ይሠራል» ከሚልህ ሰው ጋር አትከራከር፣ ዝም ብለህ ሂድ።

የልጁ አሁን ቆሟል። ሁለት የፍሬን ታንከር፣ ኦሪጅናሉ ፓምፕ በአዲስ ፋሻ፣ ያው ዲናሞ፣ አዲስ ሴፍቲ ቫልቭ፣ 6 ባር ላይ የሚያጠፋ አውቶማቲክ። የድሮውን ታንከር ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ሆዱን በመጋዝ ከፈትነው። ውሃውን ሁልጊዜ ማታ ማታ ያፈሳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቀትርም ይጨምራል። ከባዶ ተነስቶ እስኪያጠፋ በስልክ ሰዓት ያዝን፤ 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ። ቁጥሩን ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፎታል። በየወሩ መጀመሪያ ይለካል። 6 ደቂቃ የደረሰ ቀን ቴስታታውን እንከፍታለን ተባብለናል።